ምግብ እምቢ ያለው ቢራቢሮ ዓሣ

እኔ ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ ነበር። ባለቤቴ ግን የሳሎናችንን ግማሽ ለዓሣ ሰጠ። የምግብ ጠረጴዛችን ከቤት ወጣ፣ ሶፋው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ በቦታው ከእኔ ቁመት የሚረዝም የጨው ውሃ አኳሪየም ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ራታችንን የምንበላው ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሳሕናችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣ ዓሦቹን እያየን ነው። እንግዳ መጥቶ "የት እንቀመጥ?" ሲል "ዓሦቹን ጠይቋቸው" እላለሁ። ልጅ አልወለድንምና ወዳጆቻችን እሱን "የዓሣ አባት" ይሉት ነበር። እኔን ግን የዓሣ እናት ለማለት የደፈረ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው አሰብ ነው። በወጣትነቱ ወደቡ ላይ ሲሠራ፣ መርከብ ማቆሚያው ሥር ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩ ቢጫ ዓሦች ያይ ነበር። የአለቆቹን ስም ረስቷል፣ የተኛበትን ሰፈር ረስቷል፣ እነዚያን ቢጫ ዓሦች ግን አልረሳም። ካናዳ፣ ካልጋሪ መጥቶ ታክሲ ሲነዳም ኤርፖርት ተራ ይዞ ስልኩ ላይ የሚያየው እነሱን ነው። ቢራቢሮ ዓሣ ይባላሉ። አንድ ቀን የዓሣ ሱቁ ባለቤት ከቀይ ባሕር የመጡ ጥንድ እንዳገኘችለት ደወለችለት። ሥራውን አቋርጦ እየሮጠ ቤት ገባና "መጡ!" አለኝ። እኔ ዘመድ የመጣ መስሎኝ አንሶላ ላወጣ ተነሣሁ።

ሲመጡ እንደተባለው ቆንጆዎች ናቸው። የስኒ ማስቀመጫ የሚያክሉ፣ ጠፍጣፋ፣ ቢጫ፣ ዓይናቸው ዙሪያ ሰማያዊ ጥላ ያለባቸው። አንዷ ስትዞር ሌላው ይዞራል፤ አንዷ ስትቆም ሌላው ይቆማል። ግን ወደ ትልቁ አኳሪየም አልገቡም። አዲስ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ለብቻው ይቆያል። ባለቤቴ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ትንሽ የመስታወት ገንዳ አቆመላቸው። አሸዋ የለው፣ ድንጋይ የለው፤ ማሞቂያ፣ አረፋ የሚተፋ ስፖንጅ፣ እና የሚደበቁበት የፕላስቲክ ቧንቧ ብቻ።

"ይሄማ እስር ቤት ነው" አልኩት።

"ኳራንቲን ነው" አለኝ፣ በመድኃኒት ጠብታ ውሃውን እየለካ። መድኃኒቱ ከመዳብ የተሠራ ነው። ከበዛ ይገድላቸዋል፣ ካነሰ በሽታው አይለቅም፤ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። "ከሁሉም በላይ ግን ምግብ ነው። ቢራቢሮ ዓሣ መብላት ካቆመ አለቀለት። የታመመውን እንኳን ማዳን ይቻላል፣ እምቢ ያለውን ግን..." ብሎ እጁን አወዛወዘ።

ብዙም ሳይቆይ ልቡ አመመውና ሆስፒታል ገባ። የዓሦቹ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። አልጋው ላይ ሆኖ በቪዲዮ ያስተምረኝ ጀመር፤ ጨዉን እንዴት እንደምበጠብጥ፣ ውሃውን እንዴት እንደምቀይር፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደምለካ። ገና ስልኩን ከማንሣቴ "ወደ እነሱ አዙሪው" ይላል። ፊቴን እንኳ በደንብ ሳያይ። ቀጥሎ ሁልጊዜ ያው አንድ ጥያቄ ነው።

"በሉ?"

"በሉ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም በሉ! እኔስ? እኔን በላሽ ወይ አትለኝም?"

አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ እንዳለ ይስቅና "አንቺማ ታውቂበታለሽ" ይለኛል። እኔም ኩም ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። እውነትም ይበሉ ነበር። የቀለጠውን ሽሪምፕ ከጣቴ ላይ እየተሻሙ፣ ጎን ለጎን።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ሞተ። ሌላ የምለው የለኝም። ሞተ።

ሕዝቡ መጣ። የቸርቻችን ሰው፣ አብረውት ታክሲ የሚነዱ የወሎ ልጆች፣ ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል የሚሠሩት፣ በማታ ሺፍት አድረው ሳይተኙ የመጡት። ሳሎኑን ዓሣ ስለያዘው ሰው ሁሉ ቤዝመንት ወረደ። ከቸርች ታጣፊ ወንበር መጣ። ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኤርድሪ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ትልቅ ሴት፣ እንደ ልማዳቸው ማስተናገዱን ተረከቡ። እሳቸው የሌሉበት ለቅሶ እዚህ ከተማ ውስጥ አላውቅም። ትልቁን የኤሌክትሪክ ሻይ ማፍያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ማን እንደበላ ማን እንዳልበላ ዓይናቸው ያያል፣ ሐዘንተኛዋን "አንዴ ብቻ፣ በሞቴ" እያሉ ያጎርሳሉ። እኔንም አጎረሱኝ። ምን እንዳጎረሱኝ አላስታውስም።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ፎጣ ላጥብ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። መጀመሪያ የገረመኝ ጸጥታው ነው። የአረፋው ድምፅ የለም። መስታወቱ ኋላ ሳይ የአየር ፓምፑ ገመድ ተነቅሎ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሶኬቱ ላይ የሻይ ማፍያው ተሰክቶ ቀርቷል። አንዷ ዓሣ መስታወቱ ወለል ላይ በጎኗ ወድቃለች። ሌላው ከአጠገቧ ቆሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

ገመዱን መለስኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ። ንዴት እንጂ ሐዘን አልነበረም፤ በሐዘኑማ ደክሜያለሁ። ግን ለማን ይነገራል? ለባሌ አብሮኝ ያለቀሰውን ሕዝብ፣ እንቅልፉን ጥሎ የመጣውን ሕዝብ "ዓሣዬን ገደላችሁብኝ" እለዋለሁ? ለባል የመጣን ሰው ለዓሣም ደግሞ አልቅሱልኝ አይባልም። መሬቱ በረዶ ስለነበር መቆፈር አልቻልኩም። በባለቤቴ መሐረብ ጠቅልዬ በረንዳው ላይ ያለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀበርኳት። ሻይ ማፍያውን ጠርጌ ወንበሮቹን ሊመልሱ ለመጡት ሰጠሁ፣ አመሰገንኩ። ከዚያ ወዲያ ቸርች መሄድ አስጠላኝ።

የቀረው ዓሣ መብላት አቆመ።

እኔ የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ነው ሥራዬ። እምቢተኛ ሰው ማብላት የሚያውቅ ካለ እኔ ነኝ። ጥርሳቸውን ነክሰው ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ ምግቡን ጉንጫቸው ውስጥ ደብቀው የሚውሉ፣ "ባለቤቴ ይምጣና እንበላለን" ብለው ከሞተ የቆየ ሰው የሚጠብቁ፣ ሁሉንም አብልቻለሁ። ቆሞ ማጉረስ አይሆንም፤ ቁጭ ብሎ ዓይን ለዓይን መተያየት ነው። እሱም ካልሠራ ባዶ ማንኪያ ወደ ራሴ አፍ ወስጄ፣ እያላመጥኩ የምበላ አስመስላለሁ። አብሮት የሚበላ ሲያገኝ ብዙ ሰው አፉን ይከፍታል።

ዓሣውን ግን አቃተኝ። ሽሪምፕ ሰጠሁት፣ ትል ሰጠሁት፣ ሽታው ያነቃዋል ሲሉኝ ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ምግቡን አሸሁለት። ጎኑ እየጎደጎደ ሄደ። ዓሣ ሱቁ ስደውል ሴትዮዋ "ክላም ሞክሪ" አለችኝ፤ በሕይወት ያለ፣ ቅርፊቱ የተከፈተ፣ ባሕር ውስጥ የሚያገኘውን ዓይነት። ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ካለ የእስያ ግሮሰሪ ሄጄ አንድ ከረጢት ገዛሁ። እኔና ባለቤቴ እንዲህ ያለ ነገር በልተን አናውቅም፤ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ያለው፣ ምላስ የሚያወጣ የባሕር ፍጥረት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በቢላ ከፈትኩትና መስታወቱ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዓሣው መጣ፣ አየው፣ ተመልሶ ቧንቧው ውስጥ ገባ።

እኔ ያን ሰሞን የምበላው ቆሜ ነው። ምድጃው አጠገብ፣ ከድስቱ፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ፣ አንዳንድ ቀን እሱም የለም። ሶፋው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰው ሲደውል "ደኅና ነኝ፣ ሺፍት በዝቶብኝ ነው" እላለሁ፤ ሰውም ሺፍት አለው፣ ልጅ አለው፣ ያምነኛል። ስልኩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ከሥራ ስመለስ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ እዚያው እቀመጣለሁ። ላይ ያሉት ዓሦች እኔን አያውቁኝም፤ የባለቤቴ ናቸው። ቤት ውስጥ እኔን የሚጠብቅ አንድ ነፍስ ቢኖር ያ የታችኛው ነው። ባለቤቴ በመጨረሻ አደራ ያለኝም እሱን ነው። እሱ ከሞተ እዚህ ቤት ለምን እንደምገባ አላውቅም ነበር። ይሄንን እንዲሁ በግልጽ ነው የማስበው፣ ልብስ እያጠፍኩ።

ዓርብ ዓርብ የቸርቹ ሰው በስልክ ይጸልያል። ሁሉም በየቤቱ፣ በየመኪናው ሆኖ መስመሩ ላይ ይገባል። እኔ ድምፄን ዘግቼ ከማዳመጥ በቀር አልናገርም ነበር። ያን ዓርብ መሪው "የጸሎት ርዕስ ያለው" ሲል አንዲት እህት ስለ ልጇ ኦፕሬሽን ተናገረች፣ አንድ ወንድም ስለ መኖሪያ ወረቀቱ ተናገረ። ሳላስበው ድምፄን ከፈትኩ። "እቤቴ ምግብ እምቢ ያለ አለ። እንዳይሞትብኝ ጸልዩልኝ" አልኩና ወዲያው ዘጋሁት። ዓሣ ለማለት አፈርኩ። ከልጅ ኦፕሬሽን ቀጥሎ እንዴት ይባላል?

በማግስቱ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፣ በፔርሙዝ አጥሚት ይዘው። ከኋላቸው ሰንሪጅ ልብስ መሸጫ የምትሠራ፣ በመኪናዋ ያመጣቻቸው ወጣት ሴት አለች፤ በሁለት እጇ ምስር ወጥ የተሞላ የአይስክሬም ዕቃ ተሸክማለች።

"ቆመሽ ነው እንዴ የምትከፍቺው?" አሉ እትዬ፣ ጉንጬን በመዳፋቸው እየለኩ። "ተኝታለች ብዬ ነው የመጣሁት። እምቢ አልኩ ይባላል እንጂ እምቢ ያለ አለ ይባላል?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ሁሉ የማይበላው እኔ እንደሆንኩ አስቦ ነው የጸለየው፤ ለራሷ መጠየቅ አፍራ ነው ብሏል። ላስረዳ አፌን ስከፍት ወጣቷ ወጡን ልታስቀምጥ ፍሪጁን ከፍታ ነበር።

"ኦ ማይ ጋድ! እትዬ፣ ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል!"

እትዬ ከረጢቱን አዩ፣ ክላሙን አዩ፣ እኔን አዩ። "ልጄ፣ እዚህ ደረስሽ?" አሉኝ፣ በሹክሹክታ። "ምነው ብትደውዪልን?"

"ለእኔ አይደለም! ለዓሣው ነው።"

"ለየትኛው ዓሣ?"

"እምቢ ላለው።"

ወጣቷ የፍሪጁን በር እንደያዘች ቀረች። "ዌት። እኛ ጾመን የጸለይነው ለዓሣ ነው?" አለችና ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ ቆይቼ ስለነበር ጉሮሮዬን ጫረኝ። እትዬ ግን አልሳቁም። ፔርሙዙን አስቀምጠው "አሳዪኝ" አሉ።

ግድግዳውን እየደገፉ፣ በየደረጃው እያረፉ ወረዱ። ዓሣው ከቧንቧው አፍ ላይ አፍንጫውን ብቻ አውጥቷል።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው። ሁለት ነበሩ።"

"ሌላዋስ?"

ዓይኔ ወደ ፓምፑ ሄደ። እትዬ ጎንበስ ብለው አረፋውን አዩ፣ ፓምፑን አዩ፣ ገመዱን በዓይናቸው እየተከተሉ ሶኬቱ ላይ ደረሱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

"ሻይ ማፍያውን እዚህ ነው የሰካሁት" አሉ። "አንድ ገመድ ነቅዬ። የመብራት መስሎኝ።"

"ምንም አይደለም፣ እትዬ" ማለት ነበረብኝ። ለትልቅ ሰው የሚባለው እሱ ነው። አፌ ላይ ደርሶ አልወጣም። "አዎ" አልኩ።

ባዶ የጨው ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ዓሣውን እያዩ፣ እኔን ሳያዩ፣ "ሁለት ለቅሶ ነበረብሻ" አሉ። "እኛ አንዱን ብቻ ደርሰን ሄድን።" ቀጥለውም፣ ለባሌ እንዳሉኝ፣ በዚያው ድምፅ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ።

አለቀስኩ። ሬሳው ሲወጣ እንደዚያ አላለቀስኩም። ወጣቷ መሳቋን ትታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እትዬ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ጸለዩ፤ ሰው ላይ እጅ ሲጭኑ እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ጌታ ሆይ፣ የፈጠርከው አንተ ነህ፣ አብላው" እያሉ። ዓሣው ደንግጦ ወደ ውስጥ ገባ። በዚያ ቀን አልበላም። እኔንም አጥሚት ጠጪ ሲሉኝ "አሁን በልቼ ነው የመጣችሁት" አልኳቸው፤ አጥሚቱን ትተውልኝ ሄዱ። በሩን ስዘጋ ቤቱ ከመምጣታቸው በፊት ከነበረው የባሰ ጭር አለብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ከሥራ የምመለስበትን ሰዓት እየጠበቁ ይደውሉ ጀመር። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

"በላ?"

"አልበላም፣ እትዬ።"

"እሺ። ነገ" ይሉና ይዘጋሉ።

የመጀመሪያ ቀን ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ቃል የሚጠይቀኝ ሰው ሞቷል ብዬ ነበር።

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው መንገድ ላይ ውሃ በሆነበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ቦታ ፊታቸውን ያዞሩብኝን አንዲት አሮጊት በባዶ ማንኪያ አታልዬ አብልቼ ወደ ቤት መጣሁ። መኪናው ውስጥ እንደ ልማዴ ተቀምጬ ሳለሁ ያንን ማንኪያ አሰብኩት። ዓሣውን እስካሁን ቆሜ ነው የማበላው። ክላሙን ጥዬ፣ ከላይ ሆኜ እያፈጠጥኩበት፣ ብላ፣ ብላ እያልኩ። በሥራዬ አንድ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባይ እቆጣዋለሁ።

ገባሁና የእነ እትዬን ምስር ወጥ አሙቄ፣ ፍርፍር አድርጌ፣ ሳሕን ላይ አወጣሁ። አንድ ክላም ከፈትኩ። ሁለቱንም ይዤ ወረድኩ። ክላሙን ቧንቧው ፊት አስቀምጬ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ፤ ዓይናችን ትክክል ሆነ። ሳሕኔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሶፋው ላይ እንደምንቀመጠው፣ ባዶ እጄን ወደ አፌ ወሰድኩና አላመጥኩ። ደግሜ ወሰድኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል ብዬ ሳቄ መጣ።

ዓሣው ወጣ። ክላሙን በአንድ ዓይኑ አየው፣ ዞሮ በሌላኛው አየው። እጄ አፌ ላይ እንዳለ ቀረ። ነከሰ። ተፋው። ቅርፊቱ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደገና ነከሰ፣ ጎተተ፣ ዋጠ። ከዚያ እንደ ተራበ ሰው ሥጋውን ይቦጫጭቀው ገባ።

ስልኬን አንሥቼ ወደ እሱ አዞርኩት። በልማድ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚያይ ሰው የለም። ዝቅ አደረግኩት። ለማን ነው የምነግረው ስል፣ ስልኩ እጄ ውስጥ ጮኸ።

"በላ?" አሉ እትዬ።

"በላ! እየበላ ነው! እትዬ፣ በላ!"

"እልልልል!" አሉ። ኤርድሪ ያሉት የልጅ ልጆቻቸው ምን ሆነ እያሉ ሲሮጡ ይሰማኛል። "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!" ትንሽ ትንፋሽ ወሰዱና፣ "አንቺስ?" አሉኝ።

"እ?"

"እሱስ በላ። አንቺስ በላሽ?"

"በል..." ብዬ ጀመርኩ፤ የምለውን አውቀዋለሁ፣ ስንቴ ብዬዋለሁ። ሳሕኔን አየሁት። ሙሉ ነው። አንድ ቁራሽ አልጎደለም። ባሌን ያን ሁሉ ቀን "እኔስ?" እያልኩ የለመንኩትን ጥያቄ አሁን ሰው ጠየቀኝ።

"አልበላሁም" አልኩ።

"ምግብ አለ አጠገብሽ?"

"አለ። ያመጡልኝ ወጥ ነው።"

"በይ ብይ። ስልኩን አልዘጋም።"

ስልኩን ድምፁን ከፍቼ መስታወቱ ላይ አስደገፍኩት። ዓሣው ክላሙን፣ እኔ ፍርፍሩን ያዝን። ቀዝቅዟል። አንድ ጎረስኩ፣ አላመጥኩ። የእትዬ ትንፋሽ ከስልኩ ይሰማል። ሁለተኛውን ስጎርስ እንባዬ ሳሕኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"አይሰማኝም!" አሉ እትዬ። "ጠቅለል አድርገሽ ጉረሺ፣ በሞቴ!"

ጠቅለል አድርጌ ጎረስኩ።